«ቀብድ አይደለም» ያልኩ ቀን

ሥራዬ ሂሳብ ነው። ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ ወጉን ስትሰሙ «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ምን ሠርቶ ነው የሚበላው?» ማለታችሁ ስለማይቀር ነው። ቢሮ ውስጥ ከአፌ የማይጠፋ አንድ ነገር ቢኖር «ደረሰኝ የሌለው አይወራረድም» የሚለው ነው። በሌለሁበት «ደረሰኝ» እያሉ እንደሚጠሩኝም አውቃለሁ። የሃያ ብር የፎቶ ኮፒ ደረሰኝ ጠፋብኝ ካለ ልጅ ጋር ሦስት ቀን ተኳርፌያለሁ፤ ያውም ልጁ ሚዜዬ ነበር። እንግዲህ ይህ ሰው ነው ነገሌ ቦረና ላይ 8000 ብር ቆጥሮ፣ ያለ ወረቀት፣ እያመሰገነ ለማያውቀው ሰው ያስረከበው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ዘንድ ሞኙ ነበር፤ ወረቀቱ ነው የጠፋው።

ከክብረ መንግሥት ወደ ነገሌ ተዛወርኩ። (አዶላ የሚላትም አለ፤ በስሟ አንጣላ።) በዋደራ በኩል ቁልቁል ስትወርዱ ጫካው እየሳሳ፣ ግራሩ እየበዛ፣ ጃኬቱ እየከበደ ይመጣል። ጃኬታችሁን አውልቃችሁ ጭናችሁ ላይ ስታስቀምጡ ነገሌ ደርሳችኋል ማለት ነው። ቀይ አፈር፣ ባጃጅ፣ ግመል፣ ከፊልቱና ከዶሎ አዶ መስመር የመጣ አቧራ የለበሰ አይሱዙ። የዞን መቀመጫ ስለሆነች ደግሞ እንደኔ ሻንጣ ይዞ ደላላ የሚከተል የመንግሥት ሠራተኛ አይጠፋባትም። ባለቤቴ «መጀመሪያ ቤት አግኝ፣ ከዚያ እመጣለሁ» ብላኝ ቀርታለች። ብልህ ናት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተሳሳተችው፣ እሱንም ሚዜዬ ያውቃል።

ደላላዬ ባጃጅ ነጂም ነው። መጀመሪያ ያሳየኝ ቤት የአንዲት እትዬ ነበር። አንድ ክፍል፣ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ፣ ወሩ 3000 ብር። ቀትር ላይ ውስጡ ምጣድ ነው። ቢሆንም ምን አማራጭ አለኝ ብዬ 1000 ብር ቀብድ ሰጠሁ። እትዬ ከልጃቸው ደብተር አንድ ገጽ ገነጠሉና «ቀብድ 1000 ብር ተቀብያለሁ» ብለው ጽፈው፣ ፈርመው፣ እኔንም አስፈረሙኝ። በልቤ ሳቅሁ። የአንድ ሺህ ብር ነገር ይሄን ያህል!

በማግሥቱ ደላላው ደወለ። «ጋሼ፣ ጉድ የሆነ ቤት ተገኘ። ማንጎ አለው። ሮቶ አለው።»

ሮቶ ሲል ጆሮዬ ቆመ። ነገሌ ላይ በውሃ አይቀለድም። ጥር 4 ቀን 1966 እዚህ የሰፈረው ጦር ያመጸው በምግቡና በውሃው ተማርሮ ነው፤ የወታደሩ ውሃ ሲጠፋ መኮንኖቹ ከራሳችን ጉድጓድ አናጠጣም አሉ። ንጉሡ ነገሩን እንዲያበርዱ የላኳቸውን ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ወታደሮቹ ይዘው፣ እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ እነሱ የሚጠጡትንም አጠጧቸው። ጄኔራሉ ታመሙ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ፤ አንዱ ጦር ሌላውን እያየ፣ መስከረም 1967 ላይ ዙፋኑም ወደቀ። ሐምሌ 1967 ላይ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 47 መጣና የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ግለሰብ ቤት ማከራየቱም ቀረ። እንግዲህ አስቡት፣ ነገሌ ላይ በውሃ የተጀመረ ነገር የአገሩን አከራይ ሁሉ ከሥራ አስወጣ። እኔም ነገሌ ላይ በውሃ ምክንያት አከራይ አጣሁ። ታሪክ ራሱን ይደግማል የሚሉት ይሄን ይሆን እንዴ?

ወደ ነገሬ ልመለስ። እትዬ ዘንድ ሄጄ ሐሳቤን ቀየርኩ አልኳቸው። ያችን የደብተር ወረቀት አወጡ። «ልጄ፣ ቀብድ እኮ ነው። የቀረ ሰው ቀብዱ ይቀርበታል» አሉኝ፣ በጣም ረጋ ብለው። «ይቅር፣ ይባረክልዎት!» አልኩ። እንደ ባለጸጋ። ምን ነካኝ?

ሁለተኛው ቤት በእርግጥ ጥሩ ነበር። ማንጎው ጥላ አለው፤ ሮቶው ጥቁር፣ ሙሉ፣ ስትመቱት «ዱም» የሚል። ወሩ 4000 ብር። ባለቤቱ ሸምገል ያሉ፣ ሽርጥ የታጠቁ፣ ወሬያቸው የሚጣፍጥ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ቡና ቀላ አቀረቡልኝ። የማታውቁት ካላችሁ፣ የቡናው ፍሬ ከነገለባው በቅቤ ይጠበስና ይቆረጠማል፤ ቅቤው እጅም ፊትም ይቀባበታል። ፊቴ እያብረቀረቀ፣ ከንፈሬ እየወዛ፣ የቤቱ ልጅ የሆንኩ መሰለኝ። ሰውን ቤተኛ ለማድረግ ቅቤን የሚያህል የለም።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ሰውዬው፣ «እንግዲያው 500 ብር ቀብድ ጣል አድርግና እስከ ቅዳሜ ይቆይልህ» አሉኝ።

«ቀብድ?» አልኩ። ቅቤው ነው የተናገረው፣ እኔ አይደለሁም። «አባባ፣ እኔ የቀብድ ሰው አይደለሁም። ይኸው የሁለት ወሩ፣ ሙሉውን!»

«ወረቀት እንጻጻፍ?»

አያችሁ፣ እሳቸው ናቸው ያሉኝ! «በእኔና በእርስዎ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል?» ብዬ 8000 ብሩን ቆጠርኩ። ሁለቴ ቆጠርኩ፤ የሙያ ነገር ነው።

ቅዳሜ ፍራሽ፣ መጥረጊያና ቁልፍ ገዝቼ፣ በአህያ ጋሪ አስጭኜ፣ ከፍራሹ ላይ እኔም ተጭኜ ደረስኩ። በሩ ላይ ነጭ ላንድክሩዘር ቆሟል። ግቢው ውስጥ በማንጎዬና በሮቶዬ መካከል በተዘረጋው ገመድ ላይ የማላውቀው ሰው ጂንስ ተሰጥቷል። አባባ ወጡ። መጀመሪያ ያዩት ፍራሹን ነው።

«ውይ! ሳልደውልልህ!» አሉ። ልጃቸው ድንገት ከሞያሌ መጥቶባቸው ነው። የልጅ ነገር ምን ይደረጋል? እኔም «ውነትዎን ነው» አልኩ። ያኔ ልጃቸው የተባለው ሰው ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ ብቅ አለና፣ ጥርት ባለ የአዲስ አበባ አነጋገር «ጎረቤት ልንሆን ነው?» አለኝ። ለፕሮጀክት ነው የመጣው፤ የስድስት ወር ከፍሏል፤ በወር ከእኔ አንድ ሺህ ጨምሮ።

ብሬስ? ብሩማ አለ። አባባ ክንዴን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። አዲሱ ተከራይ የራሴ ሽንት ቤት ካልተሠራ አልገባም ብሎ ኖሮ፣ ሲሚንቶና ብሎኬት ተገዝቷል። «ያው ይኼ ነው» አሉኝ እየጠቆሙ። ጠጋ ብዬ ላየው ስል «አትርገጥ፣ አልደረቀም!» አሉ። የራሴን 8000 ብር እንዳልረግጥ ተጠንቅቄ ወጣሁ።

ባለጋሪው መቆያ ጨምር ብሎ፣ ጨመርኩለት፣ ፍራሹን በር ላይ ጥሎልኝ ሄደ። የት ልሂድ? ተቀመጥኩበት። ሰዓቱ ስምንት ነው። መጀመሪያ ሁለት ልጆች መጡ፤ ከዚያ ሰባት ሆኑ። አንዲት ፍየል የፍራሹን ላስቲክ ከጥግ ጀምራ ትመገብ ጀመር፤ ሹ ስላት ታየኝና ትቀጥላለች። ከማዶ ሻይ የምትሸጠው ሴት በልጇ እጅ ሻይ ላከችልኝ። መሀል ላይ ባለቤቴ ደወለች። «ቤቱ እንዴት ነው?»

«አየር ያገኛል» አልኳት።

ከዚህ የባሰ አይመጣም ስል የቢሮ ባልደረባዬ በባጃጅ ሲያልፍ አየኝ። ባጃጁን አስቆመ። ነገሩን ከልጆቹ ሰማ። ምንም አላለም፤ ብቻ ባጃጁ ሲነሳ ጭንቅላቱን አወጣና «ደረሰኝ አለህ?» አለ።

ሰኞ ፖሊስ ጠየቅሁ። መልሱ ቀና ነበር፤ ሰውዬው ገና ከጅምሩ ሊያታልልህ አስቦ ከተቀበለህ ወንጀል ነው፤ ተቀብሎ በኋላ ሐሳቡን ከቀየረ ግን ፍትሐ ብሔር ነው አሉኝ። የሰው ልብ በምን ይታያል? ቡና ቀላ አብልቶኛል እኮ። ከዚያ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ከሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄድኩ። ሽፋኑ የተገነጠለ የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ከወንበሩ ሥር አለው፤ እየገለጠ ሳይሆን እያሸተተ ነው አንቀጽ የሚያገኘው።

«የሰጠኸው ቀብድ ነው?»

«አይደለም!» አልኩ በኩራት። መነጽሩን ዝቅ አደረገ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንቀጽ 1883፣ ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው ይላል። አንቀጽ 1885 ደግሞ ሁለት ነገር ይላል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ከቀረ ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ከቀረ እጥፉን ይመልሳል። እጥፉን! የጠየቁኝን 500 ሰጥቼ ቢሆን 1000 ይዤ እወጣ ነበር፤ 500 የራሴ፣ 500 ትርፍ፤ ትርፉም እትዬ ዘንድ የቀረውን በግማሽ ይተካልኝ ነበር። እኔ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ የአንቀጹን የመጀመሪያ ንዑስ ከፍዬበት፣ ሁለተኛውን በገዛ አፌ አባረርኩት። ከሁለት ያጣ ማለት ይሄ ነው። «ቀብድ አይደለም፣ ኪራይ ነው ካልክ» አለኝ ጸሐፊው፣ «መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ስጠው፤ ከዚያ ገንዘብህንና የደረሰብህን ኪሳራ ትጠይቃለህ፤ የጋሪውን፣ የአልጋውን፣ ማስረዳት እስከቻልክ ድረስ።» ማስረዳት ሲል ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ።

ደግሞ ስለ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነገረኝ። የቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር አይብለጥ፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ ይሁን ይላል። አዋጁ የሚሠራው አዲስ አበባ፣ ድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነውና እዚህ መድረሱን አጣራ ብሎኛል። የስድስት ወሩ ሰውዬ ትዝ ሲለኝ ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን የሚያስጠልል አልሆነም።

«ለ8000 ብር ከምትካሰስ» አለኝ በመጨረሻ፣ «የባህል ፍርድ ቤት ሂድ።» ኦሮሚያ በአዋጅ ቁጥር 240/2013 ለባህል ፍርድ ቤቶች እውቅና ሰጥቷል፤ ሽማግሌዎቹ የሰፈሩን ሰው ያውቁታል። ሄድኩ። ምስክሬ ደላላው ነበር፤ ኮሚሽኑን መልስ ካላልኩት እመሰክራለሁ አለ። ተውኩለት።

አባባ አልካዱም። «አዎ፣ 8000 ተቀብያለሁ» አሉ ገና ሳይጠየቁ፤ ሳዘጋጀው ያደርኩት ንግግር ሁሉ ውሃ በላው። አንዱ ሽማግሌ ወደ እሳቸው ዞረው «ቀብድ ነበር?» አሉ። ልቤ ዘለለ። እውነት ነው የምላችሁ፣ 16000 በዓይኔ ላይ ሄደ።

«ኧረ ቀብድ ስጥ ብዬው ነበር» አሉ አባባ፣ ያለ አንዳች ክፋት። «'የቀብድ ሰው አይደለሁም' አለኝ እንጂ።»

መጀመሪያ የሳቁት ሽማግሌው ናቸው። ከዚያ ሌሎቹ። ከዚያ ደላላው። በትርጉም የተከታተሉት ደግሞ ተራቸው ሲደርስ ለብቻቸው ሳቁ። እኔም መሳቅ ሳይሻል አልቀረም ብዬ ገባሁበት።

5000ው በጥሬው ተመለሰልኝ፤ ለቀሪው 3000 አባባ በእጃቸው ስለሌለ አንዲት ቀጫጫ ፍየል ሰጡኝ። አየኋት፤ አየችኝ። ፍራሼን የበላችው ናት።

እትዬ ዘንድ ተመልሼ ነበር። ቤቱ ተይዟል፤ የደብተር ወረቀቱን አሳዩኝ፣ «ቀብድ 1000 ብር» ይላል። አሁን ባልደረባዬ ሳሎን ነው የማድረው፣ ያ የባጃጁ። ፍየሏ ሻይ የምትሸጠው ሴት ጓሮ ናት። እባካችሁ፣ ነገሌ ውስጥ የሚከራይ ክፍል የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፤ ውሃ ባይኖረውም ግድ የለም፣ ፍየል የሚፈቅዱ ከሆነ ብቻ ጠይቁልኝ። ቀብድ እሰጣለሁ።