የሥራ ፈቱ ስለት

የቤት አከራዬ እትዬ ሥራ ፈት መሆኔን እያወቁ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ፊት ነስተውኝ አያውቁም። ኪራዩን ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቀን እከፍላለሁ፤ ከየት አምጥቼ እንደምከፍል ጠይቀውኝ አያውቁም፤ የሰው ገመና የማይነኩ ሴት ናቸው። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ዓይኔን እያሻሸሁ ብቅ ስል፣ ከሚቆሉት ቡና ቀና ብለው "አይዞህ ልጄ፣ ለሁሉም ጊዜ አለው" ይሉኛል። እኔ እኮ ሌሊቱን ስሠራ አድሬ ነው!

የምሠራው ካሊፎርኒያ ላለ ድርጅት ነው። ላስረዳቸው ያልሞከርኩ እንዳይመስላችሁ።

"ካሊፎርኒያ ነው የምሠራው" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ውይ ደስ ሲል! መቼ ነው የምትሄደው?"

"አልሄድም፣ ከዚሁ ነው።"

"ቪዛ ከለከሉህ?" አሉና፣ መልሴን ሳይጠብቁ "ለበጎ ነው" ብለው ቡና ቀዱልኝ።

አልፈርድባቸውም። እኛ ሰፈር ሥራ ማለት ወጥቶ መግባት ነው። ጠዋት ታክሲ ተጋፍቶ ሄዶ፣ ማታ አለቃውን እያማ የተመለሰ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ ሻይ ሲጠጣ ቢውል እንኳ ሠራተኛ ነው። እኔ አለቃዬን የማማበት ታክሲ የለኝም።

ዋናው መከራ ግን ሰዓቱ ነው። ካሊፎርኒያ ከእኛ በ10 ሰዓት ወደኋላ ነው። ይህስ ባልከፋ። በጥቅምት መጨረሻ ሰዓታቸውን ወደኋላ ይመልሱትና ልዩነቱ 11 ይሆናል፤ መጋቢት ግድም እንደገና 10። እነሱ ሰዓታቸውን በነካኩ ቁጥር የእኔ እራት ይዛወራል። የእኛው አቆጣጠር ደግሞ በ6 ሰዓት ፈቀቅ ያለ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሳምንት "በአዲስ አበባ ሰዓት ማታ በ7 ስብሰባ አለን" ብለው ጻፉልኝ። ማታ በ7! ጭካኔያቸው እየገረመኝ፣ ከወገብ በላይ ሸሚዝ ከወገብ በታች ቢጃማ ለብሼ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ስገባ ማንም የለም። ለካ ስብሰባው ምሽት 1 ሰዓት ላይ ተጀምሮ አልቋል። እኔ የራሴን ፊት እያየሁ 20 ደቂቃ ጠበቅኋቸው፤ ፈረንጅም ቀጠሮ አያከብር ብዬ ታዘብኩ።

ደመወዙስ? በዶላር ተነስቶ ብር ሆኖ ይደርሰኛል። የመጀመሪያው የገባ ጊዜ የባንኳ ልጅ "ላኪው ምንህ ነው?" አለችኝ።

"አሠሪዬ።"

ቅጹን አገላብጣ አየችና "ዘመድ ልበለው?" አለች። ወረፋው ረጅም ነበር፤ በይው አልኳት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ይህ ዘመዴ ወፈረ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲያልፍ፣ አውሮፕላን ሳልሳፈር ዲያስፖራ ሆኜ ቁጭ አልኩ። ሰላምታ የነፈጉኝ የአጎቴ ልጆች ሁሉ ደወሉ። ጤፉና ዘይቱ ዶላሩን ተከትለው መውጣታቸውን ግን የነገራቸው የለም።

ባለፈው ኅዳር አንድ ምሽት፣ 2 ሰዓት ላይ፣ ስብሰባ መሀል መብራት ጠፋ። ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። በስልኬ ዳታ እንደምንም ተመልሼ ስገባ አለቃዬ ጨለማውን አይቶ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። መብራት ጠፍቶ ነው አልኩት።

"ሳትከፍል ቀርተህ ነው?" አለኝ፣ ድምፁን በሐዘኔታ ዝቅ አድርጎ።

መብራት ከፍለውም እንደሚጠፋ ሳስረዳው በሩ ተከፈተ። እትዬ ናቸው፤ በአንድ እጃቸው ሻማ፣ በሌላው ቆሎ ይዘዋል።

"ብቻህን ታወራ ጀመር ልጄ?" አሉ በድንጋጤ። ሥራ ማጣቱ ጭንቅላቴ ላይ የወጣ መስሏቸዋል። ሻማውን ጠጋ ሲያደርጉ፣ ላፕቶፑ ላይ 11 ፈረንጆች በየሳጥናቸው ተደርድረው አዩ።

"እነማን ናቸው?"

"የሥራ ባልደረቦቼ። ካሊፎርኒያ ያልኩዎት።"

"በዚህ ምሽት ነው የሚሠሩት?"

"እዚያ ጠዋት ነው።"

ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ጎንበስ አሉና "እንደምን አደራችሁ" አሏቸው። እኔ ሦስት ዓመት የተምታታብኝን ስሌት በአንድ ሰላምታ ጨረሱት። ፈረንጆቹ እጃቸውን አውለበለቡ። አለቃዬ አንድ ነገር ጠየቀ።

"ምን አለ?"

"እናትህ ናቸው ወይ ነው የሚለው።"

"አዎ በለዋ!"

ሲነጋ ግቢው በእልልታ ተናጋ። ይህ ልጅ ሥራ ካገኘ ጥላ አስገባለሁ ብለው ለቁልቢ ገብርኤል ተስለውልኝ ኖሯል።

"እትዬ፣ ሥራውን ከያዝኩት እኮ ሦስት ዓመቴ ነው…"

"ከመልአኩ ጋር ልትከራከር ነው?"

"አይ፣ የጥላውን ሂሳብ ማን ይከፍላል ብዬ ነው።"

"ሥራ ያገኘው ማን ነው?"

ታኅሣሥ 19 ሥራ አለብኝ ልላቸው አሰብኩ። ቀኑን ስቆጥረው በፈረንጆቹ ዲሴምበር 28 ነው፤ ከገናቸው እስከ አዲስ ዓመታቸው ድርጅቱ ዝግ ነው። (በእኛ ገና ግን የዶሮ ወጡ ሽታ ከጎረቤት እየመጣ ስብሰባ እገባለሁ።) ሰበብ አጣሁ። መርካቶ ወርደን አንዱን መካከለኛ ጥላ ገና ከማንሳቴ እትዬ ከእጄ ነጠቁኝና ወደ ሻጯ ዞሩ።

"ትልቁን አምጪልን የኔ ልጅ፤ የሚከፈለው በዶላር ነው!"