መጨረሻው «ኤል» ይሁን እንጂ

መርሳ ውስጥ ዘንድሮ ልጅ የወለደ ሰው ለስም የሚያማክረው አያት ሳይሆን ስልኩን ነው። ይመር፣ ደርሶ፣ እንድሪስ የሚባሉት ስሞች ከአያቶች ጋር እያረጁ ነው። አሁን የሚፈለገው መጨረሻው «ኤል» የሆነ፣ ጎረቤት ያልቀደመበት የመልአክ ስም ነው። ሚካኤልና ገብርኤል አይሆኑም፤ በየወሩ በ12 እና በ19 ስለሚዘከሩ ሁሉም ያውቃቸዋል። የታወቀ መልአክ ምን ያደርጋል?

በቀደም ማንጎ ዛፍ ሥር ቡና ተፈልቶ፣ ቶናው ሲቀዳ አንድ ጎረምሳ አባት የልጁን ስም አበሰረን፦ «ጣምኤል። የመልአክ ስም ነው፣ መጽሐፈ ሄኖክ ላይ አለ።» እኛም «እሰይ፣ ያሳድግልህ!» አልን። አያትየው ሕፃኑን እያሻሹ ወዲያው «ጣሜ፣ የኔ ጌታ» ማለት ጀመሩ።

አልዋሸም፣ ሄኖክ ላይ አለ። 200 መላእክት አርሞን ተራራ ላይ ወርደው የሰው ሴቶች ልጆችን አገቡ ይላል መጽሐፉ፤ የአለቆቻቸውን ስም ሲዘረዝር ከዋናው አለቃ ከስምያዛ ቀጥሎ ከሚመጡት አንዱ ጣምኤል ነው። ራሙኤልም እዚያው ነው። ዳንኤል የሚባልም አለበት፤ ዳንኤሎች ግን አትደንግጡ፣ የእናንተ አንበሳ ጉድጓድ የገባው ነቢይ ነው። ከእነሱው ጋር የወረደው አዛዝኤል ለሰው ሰይፍ መሥራትንና ዓይን መኳልን አስተማረ ተብሏል። በዚህ ሒሳብ ገበያችን ውስጥ ያሉት ኩል ሻጮች ሁሉ ተማሪዎቹ ናቸው።

ደግሞ እኮ መጽሐፉ ሙሉው የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1773 ጀምስ ብሩስ ቅጂዎቹን አውሮፓ እስኪያደርስ ድረስ ፈረንጅ ሙሉውን አላየውም ነበር። በዚህ የማይፎክር የለም፤ ገልጦ ያነበበውን ፈልጉልኝ።

መርሳ ወሎ ነውና የጣምኤል አባት የአጎት ልጅ ሙስሊም ነው፤ እሱም በአቂቃው ልጁን «ኢስራፊል» አለው። «ቁርኣን ላይ ያለ ስም ነው» ብሎም አስረዳ። ሼሁ ፈገግ አሉ፤ ቁርኣን ጂብሪልንና ሚካልን በስም ቢጠራም፣ ኢስራፊል የሚገኘው ሐዲስ ላይ ነው። ሰውየው ግን ጓደኛ አለው። አሜሪካዊው ባለቅኔ ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1831 በዚሁ መልአክ ስም ግጥም አሳትሞ፣ ድምፁ ከፍጡር ሁሉ ያማረ ነው የሚል ጥቅስ ጨመረበትና ምንጩን «ቁርኣን» ብሎ አረፈ። እሱም ከሌላ ሰው መጽሐፍ የቃረመው ነበር። በእስልምና ትውፊት ኢስራፊል ይበልጥ የሚታወቀው ለትንሣኤ ቀን መለከት ነፊ ሆኖ ነው፤ የሕፃኑ ጎረቤቶች ሌሊቱን ሙሉ ሲያዳምጡ እያደሩ ይህን አረጋግጠዋል።

የጣምኤልን ነገር በመጨረሻ አንድ ዲያቆን ለአባትየው ነገረው፦ «ወንድሜ፣ ይኸ እኮ ከወደቁት ነው።»

አባትየው አሰብ አደረገና «ቆይ» አለ፣ «መርሳ ውስጥ ሌላ የያዘው ሰው አለ እንዴ?»