ጉዳዩ፦ የጣት አሻራዬ ተሰርዞ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ስሙ ለማይጠራው ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ የእርስዎንም የጽሕፈት ቤትዎንም ስም ያልጻፍሁት በንቀት አይደለም። ስም ከጠራሁ «ማስረጃ አቅርብ» መባሌ አይቀርም። ማስረጃው ያለው እርስዎ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው፤ ከዚያ ኮፒ ለማውጣት ደግሞ ሌላ ማመልከቻ ያስፈልጋል። ስለዚህ እኔ ዳንግላ ሆኜ እጽፋለሁ፣ እርስዎም ያሉበት ሆነው ያንብቡልኝ።

የምከራከርባት ማስረጃ አንዲት ገጽ ናት፤ ርእሷ «የግዴታ መግቢያ ቅጽ» ይላል። ልጄ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ለብሔራዊ ፈተና ለመመዝገብ የአቴንዳንስ ማረጋገጫ ተጠየቀች። ትምህርት ቤቷ ተዘግቶ በመክረሙ ቤት ውስጥ ከመምህር ጋር መማሯን ዘርዝሬ ማመልከቻ አስገባሁ፤ መልሱ ይህች ቅጽ ሆነች። የተደከመባት ቅጽ ናት፣ ምስጋና ይገባታል። «ተማሪው/ዋ የቀረበት/ችበት ምክንያት» ከሚለው ሥር ሦስት ሳጥኖች ተደርድረዋል፦ ሕመም፣ ሐዘን፣ የወላጅ ቸልተኝነት። አራተኛ የለም። «ትምህርት ቤቱ ዝግ ነበር» ብዬ ኅዳጉ ላይ ልጽፍ ስል «ቅጹን አታበላሽ» ተባልሁ። ሕመም የሚል የሐኪም ወረቀት ያመጣል፣ ሐዘን የሚል የዕድር ደብዳቤ ያመጣል። ያለ ምንም ማስረጃ ወዲያው ተቀባይነት የሚያገኘው ቸልተኝነት ብቻ ነው። ከሳጥኖቹ በታች «ልጄን በራሴ ቸልተኝነት ከትምህርት ገበታ ያስቀረሁ መሆኔን አምኜ፣ ለወደፊቱ ይህን ጥፋት እንዳልደግም በትሕትና ቃል እገባለሁ» የሚል አንቀጽ አለ። ሠራተኛዎ ይህን አንቀጽ ወደ ተሰለፈው ሕዝብ ዞሮ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ለሌላውም ትምህርት ይሁን ብሎ ነው፣ ቅንነቱን አልጠረጥርም። ልፈርም እስክሪብቶ ሳወጣ «ፊርማ ይካዳል፣ ጣት አይካድም» አለና የማኅተሙን ቀለም አቀረበልኝ። በገዛ እጄ የጻፍሁት ሁለት ገጽ ማመልከቻ ፊቱ ተዘርግቶ ሳለ አውራ ጣቴን አስነከረኝ። መጥረጊያ ስላልነበረ እንደ ሌላው ሁሉ በግድግዳው ጠረግሁ። ግድግዳው ላይ የቀደሙኝ ወላጆች ሐምራዊ ጣቶች እስከ መስኮቱ ድረስ ወጥተዋል። የቸልተኛ ወላጆችን ብዛት ማጥናት የሚፈልግ ባለሙያ ካለ ከዚያ ቢጀምር ጥሩ ነው።

አሁን በምክንያት እንነጋገር። የስም ጥሪ መዝገብ የሚይዘው በር ተከፍቶ፣ ደወል ተደውሎ፣ መምህር ገብቶ ሳለ ያልመጣውን ልጅ ነው። ሦስቱም በሌሉበት የቀረው ማን ነው? ትምህርት ቤቱ ነው የቀረው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልላችን አማራ ጦርነት ውስጥ ነው። ማን ምኑን እንደዘጋ እዚህ አልዘረዝርም፤ እርስዎም ጆሮ አለዎት። የክልሉ ትምህርት ቢሮ ራሱ በ2017 ዓ.ም. ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ እንደሆኑ ተናግሯል። በእርስዎ ቅጽ ሲተረጎም እነዚህ ሁሉ ልጆች ወይ ታመዋል፣ ወይ ሐዘን ተቀምጠዋል፣ ወይ ወላጆቻቸው ቸልተኞች ናቸው። ሁለተኛዋ ሳጥን የምትሞላባቸው ቤቶች ጥቂት እንዳልሆኑ እናውቃለን።

ትምህርት ቤቱ ዝግ ስለመሆኑ እንዳቀርብ ለታዘዝሁት ሰነድ ደግሞ የተለየ አድናቆት አለኝ፦ «ከትምህርት ቤቱ በማኅተም የተደገፈ ደብዳቤ»። ደብዳቤውን የሚፈርም ርእሰ መምህር፣ የምትተይብ ጸሐፊ፣ የሚያርፍበት ክብ ማኅተም ካለ ትምህርት ቤቱ ክፍት ነው። ክፍት ሆኖ ዝግ ነኝ ብሎ ቢጽፍ ደግሞ ሐሰተኛ ሰነድ ሊሆን ነው። ደብዳቤ ከመጠየቅ ሄዶ ማየት ይቀላል። በ1917 ዓ.ም. ገደማ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ዳንግላ የተሾመው ቺዝማን የዓባይን ሸለቆ በበቅሎና በእግር ዞሮ አይቶ ካርታ አውጥቶለታል። ባዕዱ ሰው ያንን ሁሉ ገደል ወርዶ ካየ፣ የአገሬው ጽሕፈት ቤት ቁልፍ የተንጠለጠለበትን አንድ የቆርቆሮ በር ሄዶ ማየት ያቅተዋል ብዬ አላምንም።

የምዝገባው ነገር ከዚህ ይብሳል። ልጅቱ ለጥቂት ጊዜ ባሕር ዳር ዘመድ ዘንድ ተቀምጣ የማታ ትምህርት ተመዝግባ ነበር። መሸኛ አልያዘችም፤ መሸኛ የሚሰጠው ዝጉ ትምህርት ቤት ነዋ። ስትመለስ ስሟ በቀድሞው ትምህርት ቤት መዝገብም አለ፣ በማታውም አለ፤ ስለዚህ «ድርብ ምዝገባ» ተባለና ሁለቱም ታገዱ። በምዝገባ ሁለት ጊዜ አለች፣ በአቴንዳንስ አንድ ጊዜም የለችም። ደንቡን ለመረዳት ማስታወቂያ ሰሌዳዎን በጥሞና አንብቤያለሁ። አንደኛው ማስታወቂያ የማታ ተማሪ ከመደበኛው ጋር ይመዘገባል ይላል፣ ሁለተኛው አይመዘገብም ይላል፣ ሦስተኛው ቀደም ሲል በወጣው መሠረት ይፈጸም ይላል። የትኛው ቀደም ሲል እንደወጣ ግን አይታወቅም፤ አንዱ በሌላው ላይ ሲለጠፍ ቀኑ ያለበት ጥግ ተሸፍኗል። ሁለት ቦታ መማር ይህን ያህል ወንጀል ከሆነ መንግሥት ራሱ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያደርገውን ምን እንበለው? በፈተናው 50 በመቶ ያላመጡ ልጆችን ዩኒቨርሲቲ አስገብቶ በሬሜዲያል ስም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ለወራት ያስተምራቸዋል። ዩኒቨርሲቲ ሆኖ 12ኛ ክፍል መማር የሚፈቀድ፣ ሳሎን ሆኖ 12ኛ ክፍል መማር ጥፋት የሚሆንበትን ምክንያት ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ተቃውሞዎን ሳልሰማ አላልፍም፤ ዋነኛው ማጭበርበር ነው። አቴንዳንስ ከተተወ ያልተማረ ሁሉ ተምሬያለሁ እያለ ይሰለፋል ይላሉ። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም፣ በዚህ አገር የፈተና ስርቆት ምን እንዳደረሰ እናውቃለን። ግን እኮ መድኃኒቱ ተገኝቷል ተብለናል። ከ2015 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ጀምሮ ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ እዚያው እያደሩ፣ እየተፈተሹ እንዲፈተኑ ተደረገ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ተፈታኝ ሁሉ የፋይዳ መታወቂያ እንዲኖረው ተጠየቀ፤ ፋይዳ የአሥሩንም ጣት አሻራና የዓይን ብሌን ይወስዳል። መንግሥት የልጄን አሥር ጣት ይዞ ሳለ የእኔ አንድ አውራ ጣት ምን ይጨምርለታል? ያልተማረ ልጅ ቢመዘገብ ፈተናው ይጥለዋል፤ ፈተና የተፈጠረው ለዚሁ ነው። አቴንዳንስ ዕውቀትን የሚመሰክር ቢሆን ኖሮማ የ2015 ዓ.ም. ውጤት ባላስደነገጠን። 845 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶው ብቻ ነበሩ፤ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2017 ዓ.ም. ተሻሻለ ተብሎ 8.4 በመቶ ደረሰ። የእነዚያ 1,328 ትምህርት ቤቶች የስም ጥሪ መዝገብ ቢገለጥ አብዛኛው በትክክል የተሞላ እንደሚሆን አልጠራጠርም። ልጆቹ በአካል ተገኝተዋል። የጎደለው ሌላ ነገር ነው፤ ለእሱ ደግሞ የግዴታ ቅጽ የፈረመ ጽሕፈት ቤት መኖሩን አልሰማሁም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ወላጅ ፊዚክስ ያስተምራል ወይ? አያስተምርም፣ እኔም አላስተማርሁም። ያስተማራት የመንግሥት መምህር ነው፤ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ጠመኔውን ይዞ ወደ ሳሎን ገባ። የልብስ ቁም ሣጥን በር ሰሌዳ ሆነ፣ የሠፈር ልጆችም ተጨመሩ። መጽሐፉ የታተመው ስላልደረሰ በፒዲኤፍ ከስልክ ወደ ስልክ ተላለፈ፤ ኢንተርኔት በክልሉ ለወራት ተቋርጦ ስለነበር ማውረድ የቻለ አንድ ሰው ለሰፈሩ ሁሉ አባዛው። ቤተ ሙከራ የለንም፣ አልክድም። ግን ቤተ ሙከራቸው ዕቃ ግምጃ ቤት ከሆነ ዓመታት ያለፉ ትምህርት ቤቶች ዕውቅናቸው አልተነሣም። ጓደኛ፣ የክፍል ክርክር፣ ስፖርት፣ ይህ ሁሉ ቀርቶባታል። ትምህርት ቤት ከቤት እንደሚሻል ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ተከፍቶ ባገኘው ደጁን ስሜ እልካታለሁ። እስኪከፈት ድረስ የተማረችው ግን ተምራዋለች። አገራችን ደግሞ ያለ መዝገብ የተማረ ሰው ለመመዘን አዲስ አይደለችም። የቅኔ ተማሪ ከዋሸራ ወደ ጎንጅ፣ ከጎንጅ ወደ ዲማ ሲዞር መሸኛ አልያዘም፤ የኔታ ፊት ቆሞ ቅኔውን ነገረ፣ ያወቀ ታወቀ፣ ያላወቀ ወደ ምሳሌው ተመለሰ። የማታና የርቀት ተማሪም፣ የግል ተፈታኝም እንዲሁ ተመዝኖ ለዘመናት ማትሪክ ወስዷል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የእርስዎ ተወዳጅ ነው፦ «እኛ ፈጻሚዎች ነን፣ መመሪያው ከበላይ ነው።» እንግዲያው የበላይን ታሪክ እናስታውስ። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮሮና ገባ ተብሎ መንግሥት የአገሪቱን ትምህርት ቤቶች በሙሉ ሲዘጋ ትምህርቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ቤት ድረስ መጣ። ሬዲዮ ፊት የተቀመጠውን ልጅ ቀሪ ያደረገ፣ ወላጁንም ቸልተኛ ያለ አልነበረም። የዚያ ዓመት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በየካቲት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ተፈተኑ፤ ፈተናው ተማሪውን ጠበቀው። ያኔ የተቻለ ነገር አሁን ለምን አይቻልም? ቫይረስ ሲዘጋው ይቅር ይባላል፣ ጥይት ሲዘጋው ወላጅ ይከሰሳል? ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ? ተኩስ ሲሰማ ከመስኮቱ ሥር ወርዳ ወለል ላይ እየተቀመጠች ያጠናች ልጅ ናት! እናንተ በሩን አላስከፈታችሁም፣ መንገዱን አላስጠበቃችሁም፣ አንድ መጽሐፍ አልላካችሁም፤ የላካችሁት የማኅተም ቀለም ነው። ከዚያም አልፋችሁ ጥፋተኛ ነኝ በል አላችሁኝ፣ በሰው ፊት፣ ጮክ ብላችሁ! ያልሠራችሁትን ሥራ በእኔ ጣት ነው የምታወራርዱት።

ወደ ትሕትናዬ ልመለስ፣ ቅጹም «በትሕትና» ነው የሚለው።

በሌላው ዓለም እንዴት ነው የሚሉ ከሆነ ሁለት አገር ብቻ ልጥቀስ። አሜሪካ ቤት ውስጥ ማስተማር በ50ዎቹም ግዛቶች ሕጋዊ ነው፤ አንዳንዱ ግዛት ወላጁ ራሱ አቴንዳንስ ይዞ እንዲያቀርብ ይጠይቃል፣ የሁለተኛ ደረጃ ልጅ ጎን ለጎን ኮሌጅ ገብቶ ኮርስ መውሰድም ይችላል። ጀርመን ግን ቤት ማስተማርን ከልክላለች፣ ልጅ ትምህርት ቤት መቅረብ አለበት ብላ በሕግ ታስገድዳለች። ጽሕፈት ቤትዎ የጀርመንን መንገድ እንደመረጠ እገምታለሁ፣ ምርጫዎን አከብራለሁ። አንድ ነገር ብቻ ተዘንግቷል፤ ጀርመን የምታስገድደው የተከፈተ ትምህርት ቤት አዘጋጅታ ነው።

በመሆኑም፣ ክቡር ሆይ፣ የቸልተኝነት ሳጥን ውስጥ ያረፈው የአውራ ጣቴ አሻራ ተሰርዞ ቅጹ እንዲመለስልኝ፣ ልጅቱም በቁም ሣጥን በር ላይ የተማረችውን ይዛ እንደማንኛውም ሰው እንድትፈተን አመለክታለሁ። ብትወድቅ ውጤቱ ይወቃት፤ ለዚያ የጣት አሻራ ከተፈለገ ዘጠኙን አመጣለሁ። የቀሪ መያዣ መዝገቡ መሞላቱ የግድ ከሆነ ደግሞ «ቀሪ» በሚለው ዐምድ የትምህርት ቤቱ ስም ይጻፍና ምክንያቱን እርስዎ ይሙሉት፤ ሦስቱ ሳጥኖች ባይበቁ አራተኛ ማስመር ከባድ አይደለም። የሚሰርዘው ኃላፊ ስብሰባ ላይ ከሆኑ ምክትላቸው ይሰርዙልኝ። ምክትላቸውም መስክ ከወጡ ቅጹን ለበር ጥበቃው ይስጡልኝ፤ በሄድሁ ቁጥር በሥራ ገበታው ላይ የማገኘው እሱን ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ወላጅ
ዳንግላ