ውዳሴ ሰረዝ

በሐዋርያው በቅዱስ ጳውሎስ ስም በምትጠራው በሚኒሶታዋ በሴንት ፖል ከተማ የምንኖር ኢትዮጵያውያን፣ አበው ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው ያቆዩልን ፊደል ለካ «ልዩ ምልክት» ኖሯል፤ ይህን ማዕረጉን ሳናውቅ እስከ ዛሬ እንደ ተራ ፊደል ስንጽፍበት መኖራችን ያሳፍራል። ምሥጢሩን የገለጠልኝ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ በድረ ገጹ ላይ «የፋይል ስም ከልዩ ምልክት የነጻ ይሁን» የሚል ትእዛዝ በቀይ አስፍሮ (በእኛ ብራና በቀይ የሚጻፈው የቅዱሳን ስም ነበር)፣ ኮከብንና ጥያቄ ምልክትን ከነሀሁ በአንድ ግዝት አውግዟቸዋል።

እኔም ሥርዓቱን ሳልጠነቅቅ «የልደት ምስክር ወረቀት» ብዬ የሰየምሁትን ፋይል ብልክ፣ አሥራ ሁለቱ ፊደላትና ሁለቱ ክፍት ቦታዎች እየተፋቁ፣ በየስፍራቸው አንዳንድ የግርጌ ሰረዝ ተተክቶ፣ ስሙ 14 ሰረዝ ብቻ ሆኖ ደረሰ። ቀጥሎ የላክሁት «የጋብቻ ምስክር ወረቀት» ፊደሉ ልክ ያንኑ ያህል ነውና፣ እርሱም 14 ሰረዝ ሆኖ በፊተኛው ላይ ተጻፈበት። በመዝገቡ መሠረት እንግዲህ አግብቻለሁ እንጂ አልተወለድሁም።

መቼም እገዳው ጥንተ ምክንያት አያጣም፤ በ1963 እ.ኤ.አ. የወጣው አስኪ የተባለው የኮምፒውተር ፊደል ገበታ ለ128 ምልክት ብቻ የተሰናዳ ስለ ነበር ለእኛ መቀመጫ አልተረፈም። ተተኪው ገበታ ዩኒኮድ ግን በ1999 እ.ኤ.አ. 345 የግዕዝ ምልክቶችን ተቀብሎ ከመዘገበ፣ ዊንዶውስም የሚከለክላቸው ዘጠኝ ምልክቶች ብቻ ከሆኑ ወዲያ፣ መኪናው ያለ አንዳች ቅሬታ የሚያነበውን ፊደል ሰው ብቻውን መፍራቱ የሚደነቅ ትሕትና ነው።

ከሹሙ ይልቅ የሚታዘዝም ከእኛ ወገን አይጠፋም። የዕድራችን ጸሐፊ ለጥንቃቄ ብለው የጥምቀትን ፎቶግራፎች በላቲን ፊደል፣ አንዱን ዓመት «ቲምኬት»፣ አንዱን «ተምካት»፣ አንዱንም «ትምቀት» ተብሎ እንዲነበብ አድርገው ስለ ሰየሟቸው፣ በዓሉ በየዓመቱ ይከበራል እንጂ ፎቶግራፉን ያገኘ የለም።

በዚሁ በሚኒሶታ፣ በኮሌጅቪል፣ የሂል ቤተ መጻሕፍት የአገራችንን ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲሰበስብ ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጥቶ፣ ለምሳሌ የሐይቅ እስጢፋኖስን ወንጌል 1832 ብሎ ቢመዘግብም፣ እነ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በካታሎጉ ላይ ግዕዙን በገዛ ፊደሉ እየጻፉ ስንት ዘመን ደክመዋል። ሰረዝ መኖሩን የነገራቸው አልነበረም መሰለኝ።

እኔ ግን መጽናኛ አላጣሁም፤ «የሞት ምስክር ወረቀት» የሚወጣው 13 ሰረዝ ብቻ ስለሆነ፣ ቀኑ ሲደርስ ከልደቴም ከጋብቻዬም ሳይምታታ ይገባልኛል።