ባሏ ገና አልተወለደም

የዲያና ጋባልደንን «አውትላንደር» ለሰው ማዋስ የጀመርኩት በየዋህነት ነው። መጽሐፉ ወፍራም ነው፤ ፍቅሩም ጦርነቱም ሞልቶታል። የወሰደው ሁሉ እየተደሰተ ይመልስልኛል ብዬ ነበር። መመለሱስ ይመለሳል፤ ግን ከነፍርዱ ነው። «ጥሩ ነው፣ ሴትየዋ ግን ባለጌ ናት።» ቃሉ ይለዋወጥ ይሆናል እንጂ ፍርዱ አይለወጥም። አንዷ ወዳጄማ በአፍ መናገሩ አልበቃ ብሏት የሠርጉ ምዕራፍ ኅዳግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ባሏስ?!» ብላ ጽፋ፣ ሁለት ጊዜ አስምራበት ላከችልኝ። ከመጫኗ የተነሳ መስመሩ በሚቀጥለው ገጽ ላይ በጣት ይዳሰሳል።

ላላነበበው ባጭሩ ላውራ። ክሌር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቁስለኛ ስታክም የከረመች እንግሊዛዊት ነርስ ናት። በ1945 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ከባሏ ከፍራንክ ጋር ስኮትላንድ፣ ኢንቨርነስ ለሽርሽር ሄዳ፣ ከጥንት ጀምሮ የቆሙ ድንጋዮች መካከል ገብታ አንዱን ስትነካ 1743 ላይ ትወድቃለች። እዚያም የእንግሊዝ ጦር መኮንን ሕጋዊ ነኝ ብሎ እንዳይወስዳት፣ ስኮትላንዳዊ አግብታ ከእጁ እንድታመልጥ ይመከራል። ሙሽራው ጄሚ ይባላል። ታገባዋለች፤ ውላ አድራም ትወደዋለች።

አንባቢዎቼ ድንጋዩን ምንም አላሉትም። ሰው ድንጋይ ነክቶ ሁለት መቶ ዓመት ወደ ኋላ መውደቁ ያለ ክርክር ታልፏል። ያልታለፈው ሰማንያው ነው።

እኔም ቆይቶ ገባኝ፤ አሁንማ አድናቆቴ ወሰን አጥቷል። ጊዜ የማይሽረው ታማኝነት ሲባል ስንሰማ ኖረናል። ገና ላልተጀመረ ትዳር ታማኝነት የጠየቀ ትውልድ ግን በእኛ ዘመን ተገኘ። የዕድሜው ነገር ያሳሰባቸውም አሉ፤ እሷ 27፣ እሱ 22 ስለሆነ «ትበልጠዋለች» ይላሉ። እሱ የተወለደው በ1721፣ እሷ በ1918 ነውና በ197 ዓመት ታንሰዋለች ብል የሚሰማኝ አላገኘሁም።  

የትዳሩ ጉዳይ ግን በአግባቡ ይታይ። እዚያው 1743 ላይ ሽማግሌ ይቀመጥ። ከሳሽ ማነው? ባል። ባል የት አለ? አልተወለደም። የሠርጉ እማኞች ይጠሩ ቢባል እነሱም አልተወለዱም፤ አያቶቻቸውም ገና ናቸው። የፍራንክ የወርቅ ቀለበት ጣቷ ላይ አለ፤ እሱን የሠራው አንጥረኛም አልተወለደም። እንግዲህ የባል ወገን ይቅረብ። እዚህ ላይ ዕድል ቀንቶናል፤ ፍራንክ ራሱ የዘር ሐረጉን ሲቆጥር ያገኘው የሩቅ ቅድመ አያቱ ካፒቴን ጆናታን ራንዳል በሕይወት አለ፣ ያለውም እዚያው ስኮትላንድ ነው፣ መልኩም ቁርጥ ፍራንክ። እንከኑ አንድ ብቻ ነው፤ የመጽሐፉ አረመኔ እሱ ነው። የጄሚን ጀርባ በጅራፍ የተለተለው እሱ፣ ክሌር ከድንጋዩ እንደወጣች ሊደፍራት የሞከረው እሱ፣ ጋብቻው የተፈጸመውም ከእሱ እንድታመልጥ ነው። ቢሆንም የባል ወገን ነውና ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ወንበር ይለቁለታል።

«ጌታው፣ የመጣነው ስለ ልጅዎ ሚስት ነው።»

«ልጅ የለኝም።»

«ይኖርዎታል። የልጅ ልጆችዎ የሚወልዱት ልጅ ነው የተበደለው።»

«መቼ ነው የሚያገባት?»

«ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው።»

«እስከዚያ ትጠብቅ።»

እርቅ ወረደ፤ ትጠብቃለች። ጨዋ ሴት ሁለት መቶ ዓመት ቁጭ ብላ ብትፈትል ምን ትሆናለች? ችግሩ ግን መጠበቁ ብቻውን አይበቃም። ካፒቴኑ ሳይወልድ ቢሞት ፍራንክ የሚባል ሰው አይኖርም፤ ስለዚህ ታማኝ ሚስት የካፒቴኑን ጤና መጠበቅ አለባት። ብርድ እንዳይመታው ካባ ታለብሰዋለች፤ ነርስ ናትና ሲያተኩሰው ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ ታብሳለች፤ ሰው ሲገርፍ እጁ እንዳይዝል ታሽለታለች። ባስነጠሰ ቁጥር ትዳሯ ይናጋል። ከዚያ ወጥታ ደህና ልጅ ትፈልግለታለች፤ የሙሽራይቱን ወላጆች «ጠባዩ ትንሽ ቁጡ ነው እንጂ ዘሩ ጥሩ ነው፤ እኔ አግብቼ አይቼዋለሁ» ብላ ታግባባለች። በሠርጉ ቀንም በእልልታ ትመራለች፤ የባሏ ነገር ነዋ!

የቀለድኩ መስሏችሁ ከሆነ የተከታታዩን ሁለተኛ መጽሐፍ ክፈቱ። ካፒቴኑ ጄሚን እስር ቤት ውስጥ ደፍሮታል፤ ጄሚም በጎራዴ ሊገጥመው ቀጠሮ ይዟል። ክሌር እግሩ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራትም፤ ፍራንክ እንዲወለድ አንድ ዓመት ብቻ ይህን ሰው አትግደልብኝ ትለዋለች። የመጀመሪያ ባሏ እንዲኖር፣ ሁለተኛው ባሏ የደፈረውን ሰው እንዲምር! ከዚህ ወዲያ ምን ዓይነት ታማኝነት ይምጣላችሁ? ለዚያች ባለ ቀይ እስክሪብቶ ወዳጄ ሁለተኛውንም አውሼያት ነበር። በዚህ ገጽ ላይ ቀዩ እስክሪብቶ ዝም ብሏል።

ዝም ያለበት ሌላም ገጽ አለ። በመጀመሪያው መጽሐፍ ጄሚ ትእዛዜን ጥሰሽ አደጋ አመጣሽብን ብሎ በቀበቶ ይገርፋታል። በእንግሊዝኛ የሚያነቡት እስከ ዛሬ የሚጨቃጨቁበት፣ መጽሐፉን ወርውረው የሚተዉበት ምዕራፍ ነው። የእኔ ቅጂ ኅዳጉ ንጹሕ ነው። አንዲት ነጥብ የለም።

ሦስተኛው መጽሐፍ ደግሞ አለላችሁ። ክሌር በ1746ቱ የኩሎደን ጦርነት ዋዜማ ላይ ነፍሰ ጡር ሆና ወደ ፍራንክ ተመልሳ፣ ልጇን አሳድጋ፣ ፍራንክ ከሞተ በኋላ ጄሚ ከጦርነቱ መትረፉን ስታውቅ ወደ እሱ ዘመን ተመልሳ ትመጣለች። ሃያ ዓመት አልፏል። ጄሚ ከሌላ ሴት ልጅ ወልዷል፤ ሌላ ሚስትም አግብቷል። የአንባቢዎቼ ፍርድ? «ምን ያድርግ፣ ብቻውን እኮ ነበር።»

እዚህ ላይ ሽሙጡ አልመጣልህ አለኝ። ሚስቱ በሌላ ዘመን ስላለች እሱ ሲያገባ ብቸኝነት ይባላል፤ ባሏ በሌላ ዘመን ስላለ እሷ ስታገባ ብልግና። ይህ አድልዎ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ደግነቱ የጄሚን ጉዳይ የያዘው ኔድ ጎዋን የሚባል የዘመኑ ጠበቃ ነበር። ነገሩን መርምሮ የመጀመሪያዋ ሚስት በሕይወት ስላለች የሁለተኛዋ ጋብቻ ፈራሽ ነው አለ፤ ለተተወችው ሴት ገንዘብ ተቆረጠላትና መዝገቡ ተዘጋ። የመጀመሪያዋ ሚስት ገና ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ እንደምትወለድ የነገረው የለም። የእኔ አንባቢዎች እዚያ ቢኖሩ ኖሮ በዚያው ቀን ይግባኝ ብለው፣ ሴትዮዋ መጀመሪያ ተወልዳ ትቅረብ ባሉ ነበር።