ጆሮ ምን አገባው?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ስፒከር ሊገዛ የወጣ ሰው ጆሮውን ቤቱ ትቶ ቢመጣ የሚጎድልበት ነገር የለም። የሚያስፈልገው ዓይን፣ ጉልበትና አንድ ዘመድ ነው። በዓይኑ መብራቱን ያያል፤ ቀዩ ወደ አረንጓዴ፣ አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ እየተለዋወጠ ብልጭ ድርግም ካለ ድምፁ ጥሩ ነው። በጉልበቱ ሣጥኑን ብድግ ያደርጋል፤ ከከበደ ባስ አለው። ዘመዱ ደግሞ ውጭ ቆሞ የሱቁ መስታወት መንቀጥቀጡን ይመሰክራል። ዘፋኙ ምን እንዳለ የሚጠይቅ የለም። ግጥሙ ባሱ ሥር ተቀብሯል፤ ነፍስ ይማር።

ቅርጹ እንግዳ ከሆነማ ክርክሩ አበቃ። ፊቱ ላይ አራት ክብ ክብ ነገር የተደረደረለት፣ ባለ ሁለቱን ገና ሳይከፈት ይረታዋል። ከአራቱ አንዱ ከጀርባው ሽቦ ያልደረሰው የፕላስቲክ ጌጥ ሊሆን ይችላል። ቢሆንስ? ድምፁን ከማያበላሹት ውስጥ የሚቆጠረው እሱ ብቻ ነው። የላላው ክዳን ንዝረትም በምራቂ የመጣ ነው፤ በገና ደርዳሪ ያንን ንዝረት ለማግኘት በየአውታሩ ሥር የቆዳ እንዚራ እያስገባ ሲለፋ ይኖራል።

ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥርም አለ፦ «12,000 ዋት ፒኤምፒኦ»። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። እንግዲህ ይህ ስፒከር ከሦስት ምጣድ በላይ ጉልበት በአንዲት ቀጭን ሽቦ እየሳበ፣ ቆጣሪው ሳይዘል ሠፈሩን ሲያስጨፍር ያድራል ማለት ነው። ከሶኬት ከገባው ኃይል በልጦ የሚወጣ የለም የሚሉ የፊዚክስ መምህራን አሉ፤ ካርቶን አያነቡም መሰለኝ። ፒኤምፒኦ የሚሉት ልኬት ሁሉም የተስማማበት ደንብ ስለሌለው አምራቹ ደስ ያለውን ቁጥር ይጽፋል። ከጀርባው በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን 60 ዋት ጎንበስ ብሎ የሚያነብ ምቀኛ ብቻ ነው።

በዚህ የጎጃም ሰው ብቻውን አይታማም። ባወርስ ኤንድ ዊልኪንስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1993 እ.ኤ.አ. ናውቲለስ የሚባል፣ ቀንድ አውጣ የሚመስል ስፒከር ሠራ። ጥምዝምዙ ሥራ አለው፦ ወደ ኋላ የሚገፋው ድምፅ እየቀጠነ በሚሄድ ቱቦ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይሞታል፤ ተመልሶ የፊቱን አያደፈርስም። ይህን ማን ይጠይቃል? በቪዲዮ ያየው ሁሉ «ወይ ድምፅ!» ይላል፤ የሰማው በስልኩ ስፒከር ነው።

በ1994 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ የተባሉ ተመራማሪዎች ሃርማን በተባለው ኩባንያ 40 ሠራተኞችን ይዘው አራት ስፒከር አንዴ በመጋረጃ ጋርደው፣ አንዴ ገልጠው አሰሟቸው። ሲገለጥ ትልልቆቹና የሚያማምሩት ነጥብ ጨመሩ፣ ትንሿ ርካሽ ወረደች፤ ማዳመጥ የለመዱትም አልዳኑም። ስለዚህ መጋረጃ የጥሩ ድምፅ ጠላት መሆኑ በሳይንስ ተረጋግጧል።

የሚያሳፍረን ጎጃም የቅኔ አገር መሆኑ ነው። ደብረ ኤልያስና ዲማ ላይ ተማሪው ቅኔውን በልቡ ቆጥሮ ለመምህሩ በቃሉ ይነግራል። መምህሩ ጽሑፍ ሳያይ፣ አንዳንዱም ዓይነ ሥውር ሆኖ፣ ቤት ያፈረሰችውን አንዲት ቃል ከመሃል ለቅሞ ያርማል። ኋላ ቀርነት ነው! ተማሪው ደበሎው ላይ ባለ ቀለም አምፖል ይደርድር፤ ቅኔው በዋት ይለካ፤ የጎጆውን ክዳን ያላንቀጠቀጠ ተመልሶ ግሥ ይገሥግሥ።

አንዳንድ አስቸጋሪ ገዢ ግን አሁንም አይጠፋም። «እስቲ መብራቱን አጥፋልኝና ልስማው» ይላል።

«ምነው ጋሼ» ይላል ባለሱቁ፣ «እሱን ካጠፋሁትማ ምኑን ልሸጥልዎት ነው?»