ከኋላ ጫን በሏት!

ጭቃ የያዛት መኪና ባለችበት መሐንዲስ አይጠፋም። መንጃ ፈቃድ ያለውም፣ በዕድሜው መሪ ጨብጦ የማያውቀውም ዙሪያዋን ከቦ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ትእዛዝ ያወርዳል። ቡይት ራስ ላይ ሲሆን ጉባኤው ሙሉ ነው። ከጎንደር ለሽርሽር የመጣው፣ ከደባርቅ እንግዳ ይዞ የወጣው አስጎብኚ፣ ጠመንጃውን ያነገተው ስካውት፣ ጓዝ የጫነው ባለ በቅሎ፣ ሁሉም የሚለው አለው። ራቅ ብለው ሣር የሚነጩት ጭላዶች ብቻ አስተያየት አይሰጡም።

ነገሩ የሚብሰው መስከረም ላይ ነው። ክረምቱ ወጥቷል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ሰውም ቤት መቀመጥ ሰልችቶታል። ከደባርቅ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል በኮረኮንቹ ሲንገጫገጭ የመጣ ሰው ቡይት ራስ ሲደርስ ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ፊት ለፊቱ ገደል፣ ግራ ቀኙ ለምለም መስክ። ሰማዩ ጠራ ማለት ግን መሬቱ ደረቀ ማለት አይደለም። ከሰኔ ጀምሮ ሲጠጣ የከረመ ጥቁር አፈር ውሃውን ቶሎ አይለቅም፤ ሣሩም ገመናውን ይሸፍንለታል። እግረኛ ጫማው ሲረጥብ ይነቃል። ባለ መኪና ጫማውን የሚያየው ከተያዘ በኋላ ነው።

ለመሆኑ መኪና ከመንገድ ወጥታ ሣር ላይ ምን ትሠራለች? ፎቶ ትነሳለች። ባለቤቱ ሳይሆን መኪናዋ። ገደሉ ከኋላዋ፣ ጭላዶቹ ከጎኗ እንዲታዩ ይፈለጋል። «ትንሽ ዝቅ በል፣ መንገዱ እንዳይታይ!» ይላል ፎቶ አንሺው። ከአፍታ በኋላ ሁሉም በዓይኑ የሚፈልገው ያንኑ መንገድ መሆኑን ማን ይንገረው? ስካውቱ «ከመንገድ አትውጡ» ቢል መልሱ አንድ ነው፤ «አንድ ደቂቃ ብቻ።»

ቡይት ራስ የሚገኝበት ፓርክ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሮ ቆይቷል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ከብት የበዛበት ግጦሽ ነበር። ስለ ግጦሹ ገበሬው ብዙ ተመክሯል፣ ብዙም ተወቅሷል። ከብት ግን ሣሩን ቢበላም ሥሩን አይገለብጥም። ለፎቶ የወረደ ጎማ የተወው ዱካ በቀጣዩ ዝናብ ቦይ ይሆናል፣ ቦዩም አፈሩን ይዞ ወደ ገደሉ ይወርዳል። በመኪና ስለሚደረገው ግጦሽ ማንም ስብሰባ ሲጠራ አልሰማሁም።

ጭቃ ወደ ያዛት መኪና ልመለስ። ያየኋት ነጭ ቫን በፊት ጎማዋ የምትነዳ ነበረች። ሞተሯም ጉልበቷም ከፊት ነው፤ የኋላ ጎማዎቿ ተከትለው ከመንከባለል በቀር ሥራ የላቸውም። ወደ መስኩ በሰላም ወረደች፣ ታች ሜዳው ላይ ዞረች፣ አፍንጫዋን ወደ መንገዱ አድርጋ ፎቶዋን ተነሳች። ጉዱ የመጣው ስትወጣ ነው። ባለቤቱ፣ ሸምገል ያሉ ክብራቸውን የሚጠብቁ ሰው፣ ነዳጁን ረገጡት። ጎማው ባለበት ዞረ። አጥብቀው ረገጡት። ጎማው ሣሩን ልጦ ጨረሰና ጭቃውን ነጭ በነጭ በለበሱ ሴቶች ላይ ይረጨው ጀመር።

ነዳጅ በረገጡ ቁጥር ነገሩ የሚብሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለበት የሚሽከረከር ጎማ ቀስ ብሎ ከሚንከባለል ጎማ ያነሰ መሬት ይይዛል፤ ጥርሱም በጭቃ ተደፍኖ ልሙጥ ይሆናል። ዲፍሬንሻሉ ደግሞ ለግራና ለቀኝ ጎማ እኩል ጉልበት ስለሚያካፍል፣ ግራው ጎማ ጉልበት መሸከም ካቃተው ቀኙም ከዚያ የበለጠ አይደርሰውም። ስለዚህ ግራው ይዘፍናል፣ ቀኙ ያዳምጣል። በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጁን እንደ ነገሩ ነካ አድርጎ መነሳት የሚሻለውም ለዚህ ነው። ግን ሰው እያየ ቀስ ማለት ለሹፌር ከባድ ነው፤ ያልጮኸ ሞተር ያልሞከረ ይመስላል።

ይኼኔ ጉባኤው በአንድ ድምፅ ወሰነ፦ «ከኋላ ጫን በሏት!»

ጎረምሶች የኋላውን በር ከፍተው ተንጠላጠሉ። የቫኗ አፍንጫ ቀና አለ። ባለቤቱ ረገጡ፤ የፊት ጎማዎቹ ከቅድሙ ይልቅ እንደ ልባቸው ዞሩ። «ትንሽ ነው የቀራት፣ ጨምሩ!» ተባለና አንድ ወፈር ያሉ ሰው በክብር ተጋብዘው ተጨመሩ። አፍንጫዋ የባሰ ቀና አለ።

በምክሩ መሳቅ ቀላል ነው፤ የመጣበትን ካየን ግን ሞኝነት ብቻ አይደለም። ጭቃን የተማርነው ከኋላ በሚገፉ መኪኖች ነው። ሰይቼንቶና የድሮው ፎልክስ ዋገን ሞተራቸው ራሱ ከኋላ ነበር። ላዳም፣ አባዱላ የምንለው ሃይኤስም፣ አይሱዙውም የሚነዱት በኋላ ጎማ ነው። ለእነዚህ «ከኋላ ጫን በሏት» የሚለው ትክክለኛ ምክር ነው፣ ብዙ ሰውም ከጭቃ አውጥቷል። ከዚያ ግን ኮሮላ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አብዛኛው ወደ ፊት ጎማ ዞረ፤ ቪትዝም መጣች። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ከሚገቡት የቻይና ኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ በፊት የሚነዱ ናቸው። መኪናው ተለወጠ፤ ምክሩ ግን ከአባት ወደ ልጅ፣ ከሹፌር ወደ ረዳት ሳይመረመር ይወርዳል። ኤሌክትሪኩማ ጉልበቱን ገና ሲነኩት ስለሚሰጥ፣ ያለ ድምፅ ነው ጉድጓዱን የሚቆፍረው።

ቀጥሎ አንድ የአባዱላ ሹፌር ቀረቡ። «የእጅ ፍሬኑን ትንሽ ያዝ ያድርጉት» አሉ፣ ምሥጢር እንደሚያካፍል ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። በእሳቸው መኪና ይሠራል፤ የእጅ ፍሬን የኋላ ጎማዎችን ስለሚይዝ የሚዘፍነውን ጎማ አስታግሶ ለሌላው ጉልበት ያስገኛል። በዚህች ቫን ግን የተያዙት ሥራ ፈቶቹ የኋላ ጎማዎች ናቸው። ትርፉ ከፊት እየጎተቱ ከኋላ መያዝ ሆነ። ረዳቱ በበኩሉ ድንጋይ ለቅሞ መጣና ከኋላ ጎማ ሥር በጥንቃቄ ደረደረው። የተነቀለውን ሣር ደግሞ ሌላው ሰብስቦ ከፊት ጎማ ሥር ጎዘጎዘ፤ እርጥብ ሣር በእርጥብ ሣር ላይ። አንዱ የአስታ ቅርንጫፍ ቆርጦ ሊያመጣ ተነሳና የስካውቱ ዓይን መለሰው።

በዚህ መሃል ባለ በቅሎው ጓዙን እንደጫነ በዚያው መስክ አለፈ። በቅሎዋ አራቱም እግሯ ነጂ ነው፤ ለማንም ምክር ሳትሰጥ መንገዱ ላይ ወጣች።

መፍትሔ የመጣው ከማይደመጥ ሰው ነው። ወደ ደባርቅ በሚመለስ አይሱዙ ላይ የተሳፈረ ጎሚስታ ነበር፣ ጺም ያላበቀለ ልጅ። ወርዶ ጎማውን በጣቱ ተጫነና «ጋሼ፣ ነፋሱን ላስተንፍሰው?» አለ። ባለቤቱ ደነገጡ፤ ነፋሱን ከእንጀራው እኩል ገንዘብ ከፍለው ያስሞሉት ይመስል። ልጁ ግን ልክ ነበር። 32 የተሞላ ጎማ ወደ 20 ሲወርድ መሬት ላይ ተኝቶ ሰፋ ያለ ቦታ ይይዛል። ከዚያ በጣም ሲያንስ ከቸርኬው ሊላቀቅ ይችላል፤ ኮረኮንቹ ላይ ሲወጡም በዝግታ መሄድና ቶሎ መሙላት ያስፈልጋል። «መሙያው አይሱዙው ላይ አለ» ሲላቸው እያመነቱ ፈቀዱ።

ሁለተኛው ምክሩ ግን ጸብ አስነሳ። «አሁን ሜዳው ላይ ያዙሯትና በኋላ ማርሽ ያውጧት። የኋላውንም ጓዝ አራግፉ።»

«ልጄ፣» አሉ ባለቤቱ፣ «ይህ ሁሉ ሰው እያየኝ ኋላዬን ሰጥቼ ልውጣ?»

ነገሩ ግን እንዲያ ነው። ዳገት ላይ የመኪና ክብደት ወደ ታችኛው ጎማ ያደላል። በፊት ጎማ የምትነዳ መኪና ፊት ለፊት ስትወጣ ክብደቱ ሥራ ፈቶቹ ላይ ይሄዳል፤ ኋላዋን አስቀድማ ስትወጣ ግን ሠራተኞቹ ጎማዎች ከታች ሆነው ይጫናቸዋል፣ መሬቱንም ይይዛሉ። ይህን ለማስረዳት ልጁ ብዙ ደከመ። አበው ከመኪና በፊት ስለ ክብር እንጂ ስለ ዲፍሬንሻል አልመከሩንም። ባለቤቱን በመጨረሻ ያሳመናቸው ፊዚክሱ አይደለም፤ ከገደሉ ሥር መነሳት የጀመረው ጉም ነው።

ጎረምሶቹ ወረዱ፣ ወፈር ያሉት ሰውዬም ወረዱ፣ ሻንጣና የቢራ ሳጥን ወረደ። ቫኗ ዞረች። ባለቤቱ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጠምዘው፣ ነዳጁን ሳይወዱ በግድ ነካ ብቻ አድርገው፣ ያለ ጩኸት መንገዱ ላይ ወጡ። ጉባኤው አጨበጨበ፤ «ብያችሁ ነበር» የማይል ጠፋ። ጎሚስታው ጎማ ሊሞላ ሲያጎነብስ ባለቤቱ ስልኩን ወደ ደገነው የወንድማቸው ልጅ ዞር አሉ።

«ቀረጽከው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ስትለቀው ገልብጠህ ልቀቀው፣ ፊት ለፊት የወጣሁ እንድመስል።»

ልጁ ትንሽ አሰበ። «ከተገለበጠማ ጋሼ፣ ወደ ጭቃው ሲገቡ ነው የሚታየው።»